«ሂውማኒቴሪያን» ለሚሸጡልን ሰዎች

ባለፉት ሁለት ወራት ብቻ ሦስት የቀድሞ ተማሪዎቼ ከካናዳ ጽፈውልኛል። ሦስቱም ጥገኝነት ጠይቀው የተከለከሉ፣ ይግባኝ ብለውም ያልተሳካላቸው ናቸው። አሁን በሰብዓዊ ርኅራኄ ቋሚ መኖሪያ ሊጠይቁ፣ በነሱ አባባል «ሂውማኒቴሪያን ሊያስገቡ» ነው። ከኔ የፈለጉት ደብዳቤ ነው። ደብዳቤ መጻፍ አይከብደኝም። የከበደኝ ከአንዷ ጋር ተያይዞ የመጣው ነገር ነው። ኬዟን የሚሠራላት ሰውዬ (የኛው ሰው ነው፣ ጠበቃ አይደለም) በዋትሳፕ ደወለና ምን ብዬ እንደምጽፍ ያዘኝ ጀመር። «መምህር፣ ተማሪ እያለች ታስራ እንደነበር ይጻፉልን፤ እርስዎም እስር ቤት ሄደው እንደጠየቋት።» ልጅቷን 9ኛና 10ኛ ክፍል ሲቪክስ አስተምሬያታለሁ። ታስራ አታውቅም። አልጽፍም አልኩት። «እንግዲህ ዲፖርት ብትደረግ በእርስዎ ነው» ብሎ ዘጋው።

በኔ ነው? እስቲ እንነጋገር።

ሰውዬው የሚሸጠው ነገር ምን እንደሆነ ራሱ አያውቀውም፣ ወይ ደግሞ እያወቀ ነው። የካናዳ የስደተኞች ሕግ አንቀጽ 25 ከጥገኝነት የተለየ በር ነው። ጥገኝነት የሚጠይቀው «ብትመለስ ማን ያሳድድሃል?» ብሎ ነው። አንቀጽ 25 የሚጠይቀው ሌላ ነው። እዚህ ምን ያህል ሥር ሰደሃል? ልጆችህ ምን ይሆናሉ? ብትመለስ ኑሮህ ምን ያህል ይመሰቃቀላል? እንዲያውም ሕጉ በግልጽ፣ ለጥገኝነቱ ውሳኔ የታዩትን መመዘኛዎች ባለሥልጣኑ እዚህ መልሶ እንዳያያቸው ይከለክላል፤ የሚያየው የሚደርስብህን መከራ ነው። ስለዚህ «ታስራ ነበር» የሚለውን አዲስ ተረት ማስገባት ዳኛው የዘጋውን በር እንደገና በቡጢ መደብደብ ነው። ያውም አደጋ አለው። ዳኞቹ ፊት ያልተባለ እስር ከዓመታት በኋላ በመምህር ደብዳቤ ብቅ ሲል መዝገቡን የያዘው ሰው ሁለቱን ፋይል ጎን ለጎን አያደርግም ብላችሁ ነው? ሐሰተኛ መረጃ ማቅረብ በዚያው ሕግ 5 ዓመት የሚያስከለክል ጥፋት ነው። ሰውዬው 4,000 ዶላሩን ይዞ ቁጭ ይላል፤ የምትከለከለው እሷ ናት።

እውነቱ ደግሞ የልጅቷ ጉዳይ ውሸት አያስፈልገውም ነበር። ሰባት ዓመት እዚያ ኖራለች። የአረጋውያን መንከባከቢያ ውስጥ ትሠራለች፣ ግብር ትከፍላለች፣ እዚያ የተወለደ የአምስት ዓመት ልጅ አላት፣ ልጁ ንግግሩ ዘግይቶ ሕክምና ይከታተላል። ሰውዬው ስለ ልጁ አንድ መስመር አልጻፈም! «ልጁ ዜጋ ስለሆነ እሱን አይነኩትም» አላት። አረ በስመ አብ! የኬዙ ልብ እኮ ልጁ ነው።

ይህን ከኪሴ አላመጣሁትም። እ.ኤ.አ. በ1999 የካናዳ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የወሰነው የቤከር ጉዳይ አለ። ሜቪስ ቤከር በ1981 ከጃማይካ በጎብኚነት የገባች፣ ለ11 ዓመታት የሰው ቤት ሠራተኛ ሆና የኖረች፣ እዚያ አራት ልጆች የወለደች ሴት ናት። በርኅራኄ ያቀረበችው ማመልከቻ ሲከለከል የባለሥልጣኑ ማስታወሻ ወጣ፤ በልጆቿ ብዛትና በአእምሮ ሕመሟ ላይ የተሰነዘረ ንቀት ሞልቶበታል። ፍርድ ቤቱ ውሳኔውን ሻረው፤ የልጆች ጥቅም በቁም ነገር መታየት አለበት አለ። ደግሞ በ2015 የካንታሳሚ ጉዳይ አለ። በ17 ዓመቱ ከስሪላንካ የመጣ የታሚል ልጅ ነው፤ ጥገኝነቱ ተከለከለ፣ የርኅራኄ ማመልከቻውም ተከለከለ፣ በታች ፍርድ ቤቶችም ተረታ። የሥነ ልቦና ባለሙያ የልጁን ጉዳት መርምራ ጽፋለች። ባለሥልጣኗ ሪፖርቱን አልካደችም፣ ግን ሲታከም ስላላየሁ ብላ ዋጋ ነሳችው። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ይህን ነቀፈ። መከራን እየቆራረጡ አንድ በአንድ መጣል አይቻልም፣ የሰውየውን ሁኔታ በሙሉ አንድ ላይ እዩት አለ። አንድ ልጅ ስንት ጊዜ ተከልክሎ እዚያ እንደደረሰ ቁጠሩልኝ።

አሁን ወደ አገር ቤት ልምጣ፤ እኛም አልተሻልንም። ሰው ሲከለከል «ዋሽታ ነዋ» እንላለን። «የእገሌ ልጅ በስድስት ወር ፒአር አገኘ» እንላለን። ጥገኝነት መከልከል ውሸታም መባል ብቻ አይደለም። አደጋህ እውነት ሆኖ ሕጉ ከቆጠራቸው ምክንያቶች ውስጥ ላይገባ ይችላል፣ ወይም በሌላ ከተማ መኖር ትችላለህ ትባላለህ። ከተከለከለም በኋላ ወዲያው ማመልከት አይቻልም፤ ጥያቄው ለመጨረሻ ጊዜ ውድቅ ከሆነ 12 ወር መጠበቅ አለ። ከዚህ የሚያመልጠው መመለሱ የልጅን ጥቅም በቀጥታ የሚጎዳ ከሆነ፣ ወይም አገሩ ሊሰጠው በማይችለው ሕክምና እጦት ሕይወቱ የሚያሰጋ ከሆነ ነው። (ልጁን ያልጻፈው ሰውዬ ይህንንም አልነገራትም፤ ዓመቱን ሙሉ ዝም ብላ ጠበቀች።) ማመልከቻው ብቻውን ከመባረር አያስቆምም፣ የሥራ ፈቃድም አይሰጥም። ክፍያው ለአንድ አዋቂ ከ600 ዶላር በላይ ነው። እኛ ግን «ለፋሲካ ምነው አሳነስሽ» ብለን እንደውላለን።

ካናዳንም አልምራትም። ሥር መስደድህን አሳየኝ ትላለች፤ ሥር የሚሰደደው ደግሞ ውጣ በተባልክባቸው ዓመታት ነው። አንዳንዱ ባለሥልጣን ታዲያ «ወረቀት ሳይኖርህ የመሠረትከው ኑሮ ስለሆነ ብዙ አይቆጠርልህም» ይላል። በየት በኩል ይግባ? በጥቅምት 2024 የወጣው ዕቅድ ደግሞ ለዚህና ለመሰል ምድቦች ለ2025 10,000 ቦታ መደበ፤ ለ2027 ወደ 4,300 ዝቅ አደረገው። አገር ድንበሯን የመጠበቅ፣ ቁጥር የመወሰን መብት አላት፤ ይህን ራሴ ክፍል ውስጥ አስተምራለሁ። ግን እያንዳንዱን ሰው በየራሱ ሁኔታ እመዝናለሁ ብሎ ሕግ ያወጣ መንግሥት፣ ክፍያውን ተቀብሎ፣ የሚራራለትን ሰው ቁጥር አስቀድሞ ከቆረጠ፣ ያ ምዘና ምኑ ላይ ነው? ማመልከቻውን አጽድቆም ለዓመታት ወረፋ ማስጠበቅ ይመጣል። የአምስት ዓመቱ ልጅ እስከዚያ ስንተኛ ክፍል ይደርሳል?

ለማንኛውም እዚያ ላላችሁ ልጆቼ። ገንዘብ ተቀብሎ ኬዝ መያዝ የሚችለው ጠበቃ ወይም ፈቃድ ያለው አማካሪ ነው፤ ፈቃዱን ጠይቁ፣ ስሙንም በመዝገቡ ላይ ፈልጉ። ከተከለከላችሁ ወደ ፌዴራል ፍርድ ቤት የምትሄዱበት ጊዜ 15 ቀን ነው፣ ደብዳቤው ከመጣ ሳምንት አታሳድሩት። እንደገና ማመልከትም አይከለከልም፣ ግን የተለወጠ ነገር ይዛችሁ። ብዙ ጊዜ ቃለ መጠይቅ የለም፤ ወረቀቱ ላይ ያልሰፈረ ነገር የለም ማለት ነው። የልጁ ሐኪም፣ አስተማሪው፣ አሠሪያችሁ፣ የደብሩ አስተዳዳሪ ያዩትን ይጻፉ።

የኔን ደብዳቤ የምትፈልጉ ደግሞ የተማራችሁበትን ዓመትና ሴክሽን ላኩልኝ፤ ሮስተሩ አለ። ያየሁትን እጽፋለሁ፦ ስንት ዓመት እንዳስተማርኳችሁ፣ ቤተሰባችሁ ዛሬ እዚህ አለ የለም፣ የቤታችሁ ሁኔታ፣ ክፍል ውስጥ ምን ዓይነት ልጅ እንደነበራችሁ። የዚያችኛዋን ትናንት ማታ ጨርሻለሁ፤ ሁለት ገጽ ሆኗል። ዛሬ ርዕሰ መምህሩ ማኅተም ካደረገበት ነገ ስካን አድርጌ እልክላታለሁ፤ ለሷ እንጂ ለሰውዬው አይደለም።