ክር የሚወጣበት ቀን እስኪደርስ

ለጤና ሚኒስቴር
ግልባጭ፦ ለኦሮሚያ ጤና ቢሮ

ሆዱን ተቀዶ የተኛ ሰው ከሚጠየቀው ሁሉ የሚያሳፍረው «አየር ወጣልህ?» የምትለው ጥያቄ ናት። ጠያቂዎቹ ፊታቸውን ወደ መስኮት ያዞራሉ፤ እሱም ድምፁን ዝቅ አድርጎ ይመልሳል። ሐኪሙ ግን ቀልድ አልያዘም፤ አንጀቱ ወደ ሥራው መመለሱን ማወቅ ይፈልጋል። አልጋ ላይ እስካለ ድረስ ታካሚው ይህን ያህል ይጠየቃል። ይህ ደብዳቤ የሚመለከተው ከዚያ በኋላ ያለውን ጊዜ ነው።

የተጂን ታካሚ እንውሰድ። ተጂ በጅማ መንገድ ላይ፣ ከሰበታና ከተፍኪ ቀጥሎ የሚገኝ የበቾ ሜዳ ከተማ ነው። ዙሪያው ጤፍና ሽምብራ የሚበቅልበት ጥቁር አፈር ሲሆን በክረምት አዋሽ ሲሞላ ውሃ ይተኛበታል። ከበድ ያለ ኦፕራሲዮን የታዘዘለት ሰው ሪፈር ወረቀቱን ይዞ ወይ ወሊሶ ይሄዳል ወይ አዲስ አበባ ይገባል። ሲመለስ በሚኒባስ ነው። መኪናው በነጠረ ቁጥር ሆዱን በሁለት እጁ ደግፎ ይይዛል፤ ብልህ አስታማሚ ያለው ሰው ትራስ ታቅፎ ይሳፈራል። ከአስፋልቱ ወዲያ ያለውን ጭቃ ደግሞ የሚያውቀው ያውቀዋል።

ኪሱ ውስጥ በእንግሊዝኛ የተጻፈች አንዲት ወረቀት አለች። ምን እንደተሠራለት፣ ምን እንደሚውጥ፣ መቼ እንደሚመለስ የምትናገረው እሷ ናት። እሱ የሚያነበው ኦሮምኛ ወይም አማርኛ ነው፤ ያውም ማንበብ ከቻለ። ወረቀቷ ዝም ስትል ሰፈሩ ይናገራል። አንዱ «እንዳትነሳ፣ ስፌቱ ይበጠሳል» ይላል። ሌላዋ ሽታ ይዞ የሚገባ እንዳይኖር፣ ቁስሉን ምች እንዳይመታው ብላ መስኮቱን ትዘጋለች። ሦስተኛው ከመድኃኒት ቤት ካፕሱል ገዝቶ ይመጣና ፈትቶ ዱቄቱን ስፌቱ ላይ ይነሰንሳል። ሁሉም የሚያደርጉት በፍቅር ነው። ነገር ግን ሳይንቀሳቀስ የሰነበተ ሰው እግሩ ውስጥ ደም ሊረጋ ይችላል። ሕመሙን ፈርቶ በረጅሙ የማይተነፍስና የማያስል ሰው ደግሞ ሳንባው ውስጥ አክታ ይከማችና ለሳንባ ምች ይጋለጣል። «ጎበዝ አያቃስትም» እያለ ማስታገሻውን የሚተው ሰው ወደዚሁ አደጋ ይገባል።

ከመጠን በላይ የሚተኛ እንዳለ ሁሉ መተኛት የማይቻላትም አለች። በኦፕራሲዮን የወለደች እናት ለሳምንታት ከልጇ የከበደ ነገር እንዳታነሳ ትመከራለች። ቤቷ ቧንቧ ከሌለ ግን ባለ 20 ሊትሩ ጀሪካን ይጠብቃታል፤ ሲሞላ 20 ኪሎ ነው። መጸዳጃ ቤቱም መቀመጫ የለውምና የተሰፋ ሆድ ይዞ ቁጢጥ ማለትንና መነሳትን የሞከረው ያውቀዋል። ለዚህ ግድግዳው ላይ የሚያዝ አንድ እንጨት መምታት ይበቃል፤ የሚነግር ሰው ካለ። ቡአ የወጣለት ገበሬ ደግሞ አጨዳ ከደረሰ እቤት ቁጭ አይልም።

ምግቡም አለ። ቁስል የሚሽረው በፕሮቲን ነው፤ ታካሚው ጾም ላይ ከሆነ እንቁላሉም ወተቱም ይቀራል። በበቾ ሜዳ ሽምብራ ሞልቶ ሳለ በሽተኛውን በቀጭን ሾርባ ብቻ ማሰንበት ግን የሚያስቆጭ ነገር ነው።

በ25 የአፍሪካ አገሮች ከ11 ሺህ በላይ ታካሚዎችን ተከታትሎ በ2018 እ.ኤ.አ. ላንሴት መጽሔት ላይ የወጣ ጥናት፣ ከሞቱት 239 ሰዎች 225ቱ የሞቱት ከኦፕራሲዮኑ ማግስት ጀምሮ ባሉት ቀናት መሆኑን አሳይቷል። አደጋው የሚበዛው ቢላዋው ከተቀመጠ በኋላ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2008 እ.ኤ.አ. ያወጣው ባለ 19 ነጥብ የቀዶ ሕክምና ደኅንነት ማረጋገጫ ቅጽ ከማደንዘዣ በፊት፣ ከመቀደዱ በፊት፣ ታካሚው ከኦፕራሲዮን ክፍል ከመውጣቱ በፊት ይሞላል። እዚያ ያበቃል። የቁስል ኢንፌክሽን ግን እስከ 30 ቀን ድረስ ይጠበቃል፤ ታካሚው ያኔ እቤቱ ነው።

አልጋ ጥቂት ስለሆነ ታካሚ ቶሎ እንደሚወጣ ማንም ያውቃል፤ ሐኪሞቹን መውቀስም አይገባም። ቀን ከሌት የሚቆሙ ሰዎች ናቸው። ሚኒስቴሩም «ሕይወትን በአስተማማኝ ቀዶ ሕክምና ማዳን» በሚለው ዕቅዱ ኦፕራሲዮኑ ራሱ እንዲሻሻል ደክሟል። የጎደለው ቀጣዩ እርምጃ ነው፤ አዲስ ሕንፃም አይጠይቅም። በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም በየቀበሌው ሠራተኞችን አስቀምጧል። እነሱ ቤት ለቤት ሲዞሩ የሕፃኑን ክትባት ይጠይቃሉ፣ መጸዳጃ ቤቱን ያያሉ። እዚያው ግቢ ከኦፕራሲዮን የወጣ ሰው መኖሩን ግን የሚነግራቸው የለም።

ስለዚህ እያንዳንዱ ታካሚ ሲወጣ ወረቀቱ በሚያነበው ቋንቋ ይሰጠው። መቼ እንደሚራመድ፣ ስንት ኪሎ እንደሚያነሳ፣ ትኩሳት፣ መግል ወይም የእግር እብጠት ሲያይ ቀጠሮውን ሳይጠብቅ የት እንደሚሄድ፣ በማን ስልክ እንደሚደውል ይጻፍበት። ማንበብ ለማይችል አስታማሚው ፊት ይነበብለት። ሁለተኛው ቅጂ ለሚኖርበት አካባቢ ጤና ጣቢያ ይላክ፤ ከዚያም ለቀበሌዋ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ይድረስ።

ያ ቅጂ ጤና ጣቢያው ከደረሰ ውስብስብ ያልሆነውን ስፌት ክር እዚያው ያለች ነርስ ታወጣዋለች። ዛሬ ታካሚው ለዚህች የደቂቃዎች ሥራ ሌሊት ተነስቶ፣ የራሱንና የአስታማሚውን መሳፈሪያ ከፍሎ፣ ያንኑ ትራስ ታቅፎ ወደ አዲስ አበባ ይመለሳል።