ከሥላሴ እስከ ሴኡል

«ሴኡል ልሄድ ነው» ብዬ ብነግራቸው እማማ ጐረቤታችን «ሲኦል» ያልሁ መስሏቸው ሦስት ጊዜ አማተቡ። «የለም እማማ፥ የኮሪያ ዋና ከተማ ናት» ብዬ ባስረዳቸው ግን ፊታቸው ተለወጠ፤ መቍጠሪያቸውን አስቀምጠው ዝም አሉ።

ቤታችን ከሥላሴ ካቴድራል ብዙ አይርቅም። እማማ በሰፈሩ ያረጁ ናቸው፤ ታላቅ ወንድማቸው ግን በ1943 ዓ.ም. ከቃኘው ሻለቃ ጋራ ዘምቶ ሳይመለስ የቀረ መሆኑን እስከዚያ ቀን አላውቅም ነበር። ያን ጊዜ የስምንት ዓመት ልጅ ነበሩ። የሚያስታውሱት ለገሃር ላይ የተሰበሰበውን ሕዝብና የወንድማቸውን አዲስ ጫማ ብቻ ነው። «የሞቱትን ስም በድንጋይ ላይ ጽፈዋል ይባላል። እስቲ ልጄ፥ የሱም ካለ እይልኝ» አሉኝ። እኔም እሺ ብዬ ለሥልጠና ተነሣሁ።

አንባቢ ሆይ፥ «ኢኮኖሚ» የሚባለው የአውሮፕላን ማዕረግ ለእንደኛ ያለ ደመወዝተኛ የተሠራ ነው። ወንበሩ ሦስት ሦስት ሆኖ በአንድ ረድፍ ዘጠኝ ሰው ይቀመጥበታል። ለእኔ የመሐሉ ደረሰኝ። በቀኜ ያለው ሰውዬ ያንኰራፋል፤ በግራዬ ያለው ክርኑን ከጐኔ አያነሣም፤ ጕልበቴም ከፊተኛው ወንበር ጀርባ ጋራ ሲታገል አደረ። ስለዚህ ከእኔ ተማሩ፦ በመተላለፊያው ዳር ያለውን ወንበር አስቀድማችሁ ምረጡ። ብዙ ሰዓት ሳይነሡ መቀመጥ እግር ያሳብጣል፥ ደምም ሊያረጋ ይችላል፤ ስለዚህ በየጊዜው ተነሥታችሁ ተንቀሳቀሱ፥ ውሃም ጠጡ። ጾመኛ የሆነ ሰው ደግሞ የጾም ምግብ የሚፈልግ መሆኑን ከጕዞው በፊት ያስታውቅ፤ አየር ላይ ከወጡ በኋላ መጠየቅ ዋጋ የለውም።

ዐሥራ አንድ ሰዓት ያህል በረን በማግስቱ ከቀትር በኋላ ኢንቾን ወረድን። ወገቤን ይዤ ሳጕረመርም የእማማ ወንድም ትዝ አለኝና አፈርሁ። ቃኘዎች በባቡር እስከ ጅቡቲ፥ ከዚያም በመርከብ ሦስት ሳምንት ያህል ተጕዘው ነበር ፑሳን የደረሱት። እነሱን የጠበቃቸው ደግሞ ሥልጠና ሳይሆን ጦርነት ነው። የሻለቃው ስም የመጣው ከራስ መኰንን የፈረስ ስም ነው። በየጊዜው እየተተኩ ሦስት ሻለቆች፥ የተኩስ ማቆም ውል እስከ ተፈረመበት እስከ ሐምሌ 20 ቀን 1945 ዓ.ም. ድረስ ተዋግተዋል። ከ120 በላይ ሞቱ፤ ከ500 በላይ ቈሰሉ፤ የተማረከ ግን አንድም አልነበረም።

ከአየር ማረፊያው ስወጣ ሰዓቴን ላስተካክል ብዬ ቀና ብል የግድግዳው ሰዓትና የእጄ ሰዓት አንድ ሆነው አገኘኋቸው። ተበላሽቶ ይሆን ብዬ ደነገጥሁ። ኋላ ግን ምክንያቱ ገባኝ። ኮሪያ በስድስት ሰዓት ትቀድመናለች፤ እኛም የሰዓት አቈጣጠራችን ከፈረንጁ የሚለየው በስድስት ሰዓት ነው። አዲስ አበባ ከጧቱ ሦስት ሰዓት ሲሆን ሴኡል ከቀትር በኋላ ሦስት ሰዓት ነው። እንደ አገሩ ወግ ሰዓቱን የሞላ ኢትዮጵያዊ እዚያ ጠቋሚውን መንካት አያስፈልገውም።

በማግስቱ ጧት፥ ከተማዪቱን ላይ በወጣሁባት በመጀመሪያዋ ቀን፥ ገንዘብ የሚሞላባትን የመጓጓዣ ካርድ ገዝቼ ከሴኡል ጣቢያ ወደ ምድር ውስጥ ባቡር ወረድሁ። ሰው ተሰልፎ ይጠብቃል፤ የሚወርደው ሳይወርድ የሚሳፈር የለም። በየጣቢያው የተጻፈው የራሳቸው ፊደል ነው። ንጉሥ ሴጆንግ በፈረንጅ አቈጣጠር በ1446 ለሕዝቡ ሲያውጁት 28 ሆሄያት ነበሩት፤ ዛሬ የሚሠራባቸው 24 ናቸው። እኔም የገዛ ፊደል ያለው አገር ልጅ ነኝና ማንበብ ባልችልም እንግድነት አልተሰማኝም።

በአራተኛው መሥመር ሁለት ፌርማታ ሄጄ ሳምጋክጂ ላይ ወረድሁ። የጦርነት መታሰቢያው ቤተ መዘክር ከዚያ ቅርብ ነው፤ መግቢያው በነፃ ነው፥ ሰኞ ግን ይዘጋል። ከሕንፃው ግራና ቀኝ ባሉት ባለዐምድ ሰገነቶች ውስጥ የሞቱት ሰዎች ስም በጥቍር ሰሌዳ ላይ ተቀርጿል። የእኛንም ሰዎች አገኘኋቸው።

ስማቸው የተጻፈው በላቲን ፊደል ስለ ሆነ አንዱን ካንዱ ለመለየት ተቸገርሁ። ሁለት ጊዜ ከላይ እስከ ታች ተመለከትሁ፤ የእማማ ወንድም የለም። ባዶ እጄን ተመልሼ ምን እላቸዋለሁ ብዬ ተጨነቅሁ። በሦስተኛው ግን ጣቴን ከሰሌዳው አስጠግቼ፥ ጥሪ እንደሚጠራ መምህር፥ ስሞቹን አንድ ባንድ በድምፅ አነበብሁ። ወደ መጨረሻው ገደማ ከአፌ የወጣውን ስም ራሴ ሰምቼ ቆምሁ። በዓይኔ ያላወቅሁትን በጆሮዬ አወቅሁት፤ የራሱም የአባቱም ስም ነበር። ፎቶግራፍ አነሣሁትና ብዙ ደቂቃ እዚያው ቆየሁ።

ተመልሼ ፎቶግራፉን ፒያሳ አሳተምሁና ከሥሩ ስሙን በአማርኛ ጻፍሁበት። እማማ በጣታቸው ዳሰሱት። አለቀሱ ብላችሁ እንዳትጠብቁ። ጥቂት አሰቡና «ዝናብ ያገኘዋል?» ብለው ጠየቁኝ።

«የለም እማማ፥ ጣራ አለው።»

«እንግዲያስ ደኅና ነው» ብለው ፎቶግራፉን ከዳዊታቸው ውስጥ አስገቡት።

ብዙ ወጣቶቻችን ዛሬ ለትምህርትና ለሥልጠና ወደዚያ አገር ይሄዳሉ። ቹንቾን በምትባለው ከተማም ስለ ቃኘው በ1960 ዓ.ም. የተመረቀ ሐውልት አለ፤ ከሴኡል በባቡር ይደረሳል። ወደ ገበያው ከመሮጣችሁ በፊት ጐራ በሉ። ከመሄዳችሁም በፊት የሰፈራችሁን አረጋውያን «ምን ላምጣ?» ብላችሁ ብቻ ሳይሆን «ማንን ልይላችሁ?» ብላችሁ ጠይቁ።