አካባቢያችንን እንወቅ፦ አምባውን ማን ቆረጠው?

ከአርዲቦ ሐይቅ ዳር ቆመን ዙሪያውን ብናይ የምናየው ተራራ ነው። ወደ አምባሰል ስንሄድ ግን ተራራው መልኩን ይለውጣል። አናቱ ሜዳ ነው፤ ጎኑ በመጥረቢያ የተጠረበ ይመስል ቀጥ ያለ ገደል ነው። እንዲህ ያለውን ተራራ አምባ እንለዋለን።

ፊደል ከሚቆጥሩ አባቶች አንዱ፣ «ልጄ፣ አምባ ከምድር የበቀለ ነው ወይስ ከላይ የተቀመጠ?» ብለው ጠየቁኝ። አባባ ትልቅ ነገር ነው የጠየቁት። መልሱ ሁለቱም አይደለም። አምባ ማለት ዙሪያው ተበልቶ ሲያልቅ ተርፎ የቀረ መሬት ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት በአገራችን መሬቱ ተሰነጠቀ። በስንጥቁ የቀለጠ ድንጋይ ወጣ። በምጣድ ላይ እንደ ፈሰሰ ሊጥ ተዘረጋ፤ ቀዘቀዘ፤ ጠነከረ። በላዩ ላይ ሌላ ፈሰሰ። እንዲህ እየተደራረበ በአንዳንድ ቦታ ከ1000 ሜትር በላይ ወፈረ። ለግንብና ለቤት መሠረት የምናመጣው ጥቁር ድንጋይ ይኸው ነው። የተማሩት ባዛልት ይሉታል።

30 ሚሊዮን ስንት ነው? አንድ ኪሎ ጤፍ ውስጥ 3 ሚሊዮን ያህል ፍሬ አለ። እንግዲህ 10 ኪሎ ጤፍ ስፈሩ። አንዷን ፍሬ አንድ ዓመት በሏት። የአንድ ሰው ዕድሜ በሁለት ጣት ከሚቆነጠረው አይሞላም!

ኋላም መሬቱ እንደገና ተሰነጠቀ። በምሥራቅ ያለው ወደ አፋር በኩል ዝቅ አለ፤ በምዕራብ ያለው ደጋ ሆኖ ቀረ። በመካከል፣ በደረጃው ላይ፣ ጎድጓዳ ቦታዎች ተፈጠሩ። አርዲቦና ሎጎ ሐይቅ የተኙት በዚያ ነው።

ታዲያ ገደሉን የቆረጠው ማን ነው? ውሃ ነው። የተደራረበው ድንጋይ ሁሉ እኩል አይጠነክርም። በጠንካራው መካከል የላላ፣ ቀላ ያለም ይገኛል። ውሃ የላላውን ቶሎ ይበላዋል። ያን ጊዜ ጠንካራው ድንጋይ ከሥሩ ባዶ ይሆናል። ራሱን መሸከም ያቅተውና ተገንጥሎ ይወድቃል። ጠንካራው ድንጋይ ደግሞ ሲቀዘቅዝ፣ ጭቃ ሲደርቅ እንደሚሰነጠቅ፣ ከላይ እስከ ታች ተሰነጣጥቋል። ስለዚህ የሚወድቀው በስንጥቁ ልክ ነው፤ ገደሉም ቀጥ ብሎ ይቀራል። ከገደል ሥር የምናየው የቋጥኝ ክምር ከላይ የወረደ ነው።

ግሸን እንዲህ ያለ አምባ ነው። አናቱ የመስቀል ቅርጽ አለው። እስከ 16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ድረስ የነገሥታት ልጆች ይታሰሩበት ነበር። ግንብ አላስፈለገም፤ ገደሉ ራሱ ዘበኛ ነበር።

ድንጋይ እንዴት ይደቃል? ይህንን እናንተ ከእኔ ይልቅ ታውቁታላችሁ። ትልቅ ቋጥኝ ለመፍለጥ እሳት ያነዱበታል፤ ከዚያ ቀዝቃዛ ውሃ ይደፉበታል። ቋጥኙ ጧ ይላል። ተራራም ላይ ቀን ፀሐይ ያግለዋል፤ ሌሊት ብርድ ያቀዘቅዘዋል፤ የዛፍ ሥር ይገባበታል። ቀስ እያለ እንጂ ሥራው ያው ነው። ቋጥኙ ጠጠር ይሆናል፤ ጠጠሩ አሸዋ፣ አሸዋውም አፈር ይሆናል። የምናርሰው አፈር የትናንት ተራራ ነው።

ችግሩ ውሃው ሥራውን ጨርሶ አላረፈም። አምባውን የቆረጠው ጎርፍ ዛሬ ማሳችንን ይቆርጣል። ከ1 ሄክታር ማሳ 1 ሚሊ ሜትር ብቻ ቢታጠብ፣ ማለትም የሳንቲም ውፍረት እንኳ የማይሞላ ቢነሣ፣ 10 ሜትር ኩብ አፈር ሄደ ማለት ነው። በአህያ ቢጫን ከ200 ጭነት ይበልጣል! ይህ ሁሉ ወዴት ይሄዳል? በቦረቦሩ ወርዶ አርዲቦ ይገባል። ሐይቁ ሲሞላ ትርፉ ውሃ ወደ ሎጎ ሐይቅ ይወርዳል፤ ደለሉ ግን በአብዛኛው ከአርዲቦ ሥር ይተኛል። እርከን የምንሠራው ገደል እንዳይፈርስ አይደለም፤ ገደልን ማንም አያቆመውም። የሚሮጠው ውሃ ዝግ እንዲል፣ አፈሩንም እዚያው እንዲጥል ነው።

እውነት መሆኑን ራሳችሁ እዩ። ክረምት ሳይገባ፣ ማረሻና ከብት በማይነካው ተዳፋት ላይ አንድ ካስማ አጥብቃችሁ ትከሉ። በአፈሩ ልክ በቢላ ምልክት አድርጉበት። ሌላ ካስማ ደግሞ ከእርከኑ በላይ፣ ከክተሩ አጠገብ ትከሉ። በመስከረም ሂዱና ምልክቱ ከአፈሩ በላይ ወጥቶ እንደሆነ ወይም ተቀብሮ እንደሆነ በጣታችሁ ለኩ። ቁጥሩን በደብተራችሁ ጻፉና ይዛችሁ ኑ፤ በክፍል እናነበዋለን።