አየር ኃይሉን ከሃንጋሩ በኩል እንየው

የቢሾፍቱ አየር ኃይል ታሪክ ሲነሳ ጨዋታው ቶሎ ብሎ ወደ ኦጋዴን ሰማይ ይወጣል። በኦጋዴን ጦርነት የኢትዮጵያ ኤፍ-5 ተዋጊ ጄቶች የሶማሊያን ሚግ-21ዎች እንዴት እንደጣሉ፣ አብራሪው ለገሠ ተፈራ ተማርከው 11 ዓመት እንዴት እንደታሰሩ ያልሰማ ጥቂት ነው። ክብሩ ይገባቸዋል። ታሪኩ በአብራሪው ዓይን ብቻ ሲተረክ ግን ግማሹ ይቀራል። የቀረው ግማሽ ያለው በሃንጋሩና ከግቢው አጥር ውጭ ባለችው ከተማ ነው፤ አሁን መመዝገብ ያለበትም እሱ ነው።

ለዚህ ጦርነቱ ራሱ ምስክር ነው። አሜሪካ በ1969 ዓ.ም. የመሣሪያ አቅርቦቷን አቋርጣለች፤ ኤፍ-5ዎቹ ደግሞ አሜሪካ ሠራሽ ናቸው። የሶማሊያ ጦር ሐምሌ ላይ ሲገባ አውሮፕላኖቹ መነሳት የቻሉት መካኒኩና የትጥቅ ባለሙያው ባለው መለዋወጫ መሥራት ስለቻሉ ነው። ይህ ሙያ በአንድ ጀምበር አልበቀለም። በጣሊያን ወረራ ጊዜ የቀይ መስቀል አምቡላንስ አውሮፕላን ያበረሩት ስዊድናዊው ካርል ጉስታፍ ቮን ሮዘን ከነጻነት በኋላ ተመልሰው፣ ከአገራቸው አሠልጣኞች ጋር ቢሾፍቱ ላይ ኃይሉን አደራጁ። በመለማመጃው ሳፊርና በቦምብ ጣዩ ሳብ 17 ላይ አብራሪም ቴክኒሻንም ተማረ። (ሰውዬው የሞቱትም እዚሁ አገር ነው፤ በዚያው ሐምሌ ጎዴ ላይ፣ በሶማሊያ ጥቃት።) ከግቢው የወጣው ሙያ የኢትዮጵያ አየር መንገድንም ጠቅሟል። ግቢው የሙያ ብቻ ሳይሆን የጥያቄም ቦታ ነበር፤ በ1966 ዓ.ም. የደመወዝና የኑሮ ጥያቄ አንስተው ካመፁት ወታደሮች መካከል የደብረ ዘይት (የዛሬዋ ቢሾፍቱ) አየር ኃይል ባልደረቦች ነበሩ። ይህን ሁሉ ስለ አየር ላይ ውጊያ በሚተርክ መጽሐፍ ብቻ ማግኘት አይቻልም።

“የጦር ሰፈር ምስጢር ነው” የሚል ይኖራል። ዛሬ የትኛው አውሮፕላን የት እንደቆመ ምስጢር ነው፤ ከአገልግሎት የወጣ የኤፍ-86 ሞተር እንዴት ይፈታ እንደነበር ግን አይደለም።

የሚከብደው ሌላኛው ተቃውሞ ነው፤ ታሪኩ ከተከፈተ የሚያሳፍረውም ይወጣል የሚለው። እርግጥ ይወጣል። ሰኔ 1980 ዓ.ም. በትግራይዋ ሐውዜን ለገበያ የወጣ ሕዝብ በዚሁ አየር ኃይል ተደብድቧል። የኦጋዴንን ድል የጋራችን ያልን ሐውዜንን የሌላ ልናደርገው አንችልም። የገበያተኛውን ምስክርነት ከተረፉት መስማት ይቻላል፤ በዚያ ዘመን ቦምብ የጫነው፣ ነዳጅ የሞላውና ትእዛዝ ያስተላለፈው ሰው ቃል ግን እምብዛም አልተመዘገበም። እነዚህ ሰዎች ዛሬ ጡረተኞች ናቸው፤ ብዙዎቹም ከግቢው ብዙ ሳይርቁ ይኖራሉ።