የሰው ስም አንድ ሺህ ብር ያወጣልን?

ንብረቱ የተሰረቀበት ሰው ሌባውን ሲያሲዝ ዕቃዬ ይመለስልኛል ብሎ ተስፋ ያደርጋል። ስሙ የጠፋበት ሰው ስም አጥፊውን ቢያሲዝ ምን ይመለስለታል? የዚህ ጽሑፍ ጥያቄ ይህ ነው። ነገሩ ለጠበቆችና ለዳኞች ብቻ የሚተው ነው የሚል አንባቢ ቢኖር፣ ነገ በእርሱ ላይ የሚነገረውን ዛሬ ስላልሰማ ነው እንለዋለን።

ነገሩን በአየር ላይ እንዳናንሳፍፈው ቦታ እንስጠው። ከጅጅጋ ወደ ደጋሃቡር በሚወስደው መንገድ ላይ ቀብሪበያ የምትባል ከተማ አለች። ከ1983 ዓ.ም. ጀምሮ ከሶማልያ የተሰደዱ ሰዎች የሚኖሩበት የስደተኞች ሰፈርም በእርሷ ዘንድ ይገኛል። እንበልና በዚህች ከተማ አንድ ባለሱቅ አለ። ስኳሩን፣ ሩዙንና ዱቄቱን ለአርብቶ አደሩ ከብቱን እስኪሸጥ ድረስ በዱቤ ይሰጣል፤ ከውጭ አገር ዘመድ የተላከ ገንዘብ በእርሱ እጅ በኩል ለባለቤቱ ይደርሳል፤ መንገደኛ አደራውን ከእርሱ ዘንድ ጥሎ ይሄዳል። የዚህ ሰው ካፒታል መደርደሪያው ላይ ያለው ሸቀጥ ሳይሆን ስሙ ነው። አንድ ቀን በሻይ ቤት የተቀመጠ ባላንጣው፣ «ይህ ሰው የሙት ልጆች አደራ በልቷል» ብሎ ይናገራል። ቃሉ ማታ በስደተኞቹ ሰፈር ይሰማል፤ ማግስቱን በውኃ ነጥቡ ላይ ይወራል፤ በሳምንቱ ጅጅጋ ይደርሳል። ባለሱቁ አልበላም ብሎ ቢምል፣ መሐላው ራሱ ለወሬው ማስረጃ ይሆንበታል።

እንግዲህ ይህ ሰው ወዴት ይሂድ? ሦስት በሮች አሉት። አንደኛው የወንጀል አቤቱታ፣ ሁለተኛው የፍትሐ ብሔር ክስ፣ ሦስተኛው የሽማግሌዎች ሸንጎ ነው። በአገራችን የተለመደው ወደ አንደኛው በር መሮጥ ነው። «አሳስረዋለሁ!» ማለት ከንዴት ሁሉ በፊት የሚመጣ ቃል ነው። እኛም የምንሟገተው ከሁሉ አስቀድሞ ከዚህ ቃል ጋር ነው።

በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 613 ስም ማጥፋትን ከሐሰት ሐሜት ለይቶ ይደነግጋል። የሌላውን ክብር ለመጉዳት አስቦ ለሦስተኛ ሰው የተናገረ፣ ነገሩ እውነት ቢሆን እንኳ፣ እስከ ስድስት ወር በሚደርስ ቀላል እሥራት ወይም በመቀጮ ይቀጣል። ሐሰት መሆኑን እያወቀ የተናገረ ደግሞ ከአንድ ወር የማያንስ እሥራትና መቀጮ ይጠብቀዋል። ይህ ሁሉ የሚሆነው በተበዳዩ አቤቱታ ነው፤ አቤቱታውም ድርጊቱ ወይም አድራጊው ከታወቀበት ቀን አንሥቶ በሦስት ወር ውስጥ መቅረብ አለበት። ሽማግሌ ያስታርቀኝ ብሎ አራት ወር የጠበቀ ሰው በዚህ በር አይገባም። ስንቱ ትዕግሥተኛ በዚህ ምክንያት መብቱን አጣ!

በሦስት ወሩ ውስጥ ደረሰ እንበል። ባላንጣው ሦስት ወር ታሰረ እንበል። ከዚያ በኋላ በሻይ ቤቱ ውስጥ ምን ይወራል? «ባለሱቁ ገንዘብ ስላለው ድሀውን አሳሰረው» ይባላል እንጂ፣ «አደራውን አልበላም ነበር» አይባልም። ወኅኒ ቤት የተናጋሪውን አካል ይይዛል፤ የወጣውን ቃል ግን አይዝም። በተለይም በጅጅጋና በዙሪያዋ እሥራት የሚለው ቃል ብቻውን የሚቀሰቅሰው ትዝታ አለ። «ጄል ኦጋዴን» ይባል የነበረውና ከ2010 ዓ.ም. ለውጥ በኋላ የተዘጋው ወኅኒ ቤት በዚያች ከተማ ውስጥ ነበር። በእንዲህ ያለ አገር ሰውን ስለ ተናገረው ቃል ማሳሰር ለከሳሹ ስም ንጽሕና የሚጨምርለት አይደለም።

የወንጀሉ በር ለኃይለኛው ሰፊ፣ ለደካማው ጠባብ ሆኖ መታየቱም አይካድም። በነሐሴ 2000 ዓ.ም. የሪፖርተር ጋዜጣ ዋና አዘጋጅ አቶ አማረ አረጋዊ፣ ጋዜጣቸው ስለ አንድ የቢራ ፋብሪካ የሠራተኞች ክርክር ስለ ጻፈ፣ ከአዲስ አበባ ተይዘው ከሰባት መቶ ኪሎ ሜትር በላይ ወደሚርቀው ጎንደር ተወስደው ታስረው ነበር። ጽሑፉ ትክክል ይሁን ስሕተት ገና ሳይመረመር፣ ጉዞው ራሱ ቅጣት ሆነ። በ2007 ዓ.ም. መጀመሪያ የፍትሕ ጋዜጣ አዘጋጅ አቶ ተመስገን ደሳለኝ ሦስት ዓመት እንዲታሰሩ ሲፈረድባቸው፣ ከተከሰሱባቸው ነገሮች አንዱ ስም ማጥፋት ነበረ። የመንግሥትን ስም! መንግሥት የራሱ ራዲዮ፣ የራሱ ጋዜጣና የራሱ ቃል አቀባይ እያለው ስሙን ለመጠበቅ ወኅኒ ቤት የሚያስፈልገው ከሆነ፣ ባለሱቁ ምን ሊያስፈልገው ነው?

ይህን ነገር ከእኛ በፊት ያዩት ሌሎችም አሉ። የአፍሪካ የሰብዓዊና የሕዝቦች መብቶች ፍርድ ቤት በ2014 እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ ወር፣ የቡርኪና ፋሶ ጋዜጠኛ ሎሄ ኢሳ ኮናቴ በስም ማጥፋት አሥራ ሁለት ወር መታሰሩ ከጥፋቱ ጋር የማይመጣጠን ነው ሲል ፈርዷል። የኬንያ ከፍተኛ ፍርድ ቤትም በ2017 እ.ኤ.አ. የወንጀል ስም ማጥፋትን ድንጋጌ ከሕገ መንግሥት ጋር የሚጋጭ ነው ብሎ ሽሮታል። በእኛም አገር በ2013 ዓ.ም. የወጣው የመገናኛ ብዙኃን ዐዋጅ ቁጥር 1238 በመገናኛ ብዙኃን የሚፈጸመውን ስም ማጥፋት ከወንጀልነት አውጥቶ ለፍትሐ ብሔር ካሳ ተወው። ይህ የሚመሰገን ሥራ ነው። ነገር ግን ግማሽ መንገድ ሄዶ ቆሟል።

ግማሽነቱን እንመልከት። በመቶ ሺህ የሚቆጠር ሰው የሚሰማው ራዲዮ ስም ቢያጠፋ በካሳ ይጠየቃል፤ አይታሰርም። በቀብሪበያ ሻይ ቤት ለአምስት ሰው የተናገረ ግን በአንቀጽ 613 ይታሰራል። ያንኑ ቃል በተንቀሳቃሽ ስልኩ ቢጽፈው ደግሞ፣ በ2008 ዓ.ም. የወጣው የኮምፒዩተር ወንጀል ዐዋጅ ቁጥር 958 በአንቀጽ 13 እስከ ሦስት ዓመት እሥራት ወይም እስከ 30,000 ብር መቀጮ ያስከትልበታል፤ ሁለቱም በአንድነት ሊወሰኑበት ይችላሉ። የበሬው ቀንድ ሲወጋ ካሳ፣ የጥጃው ሲነካ ወኅኒ! ጋዜጠኛው ለምን ነጻ ወጣ አንልም። እረኛው፣ ተማሪውና ባለሻዩ ለምን ወደ ኋላ ቀሩ ነው የምንለው።

«እሥራት ከቀረ ምላስ ልጓም ያጣል» የሚሉን አሉ። እነዚህ ሰዎች ተቆርቋሪዎች መሆናቸውን አንጠራጠርም። ነገር ግን የወንጀሉ ድንጋጌ አዲስ አይደለም፤ በ1949 ዓ.ም. በወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግም የነበረ ነው። ከስድሳ ዓመት በላይ የቆየ ልጓም ሐሜትን ካልገታ፣ የሐሜት ልጓም ሌላ ቦታ ነው መፈለግ ያለበት።

ወደ ሁለተኛው በር እንለፍ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ከቁጥር 2044 እስከ 2049 ድረስ ስለ ስም ማጥፋት የደነገገው፣ በእኛ አስተያየት፣ ከወንጀሉ ሕግ ይልቅ አስተዋይ ነው። በሕይወት ያለን ሰው የሚያስጠላ፣ የሚያስንቅ ወይም መሳለቂያ የሚያደርግና እምነቱን፣ ዝናውን ወይም የወደፊት ዕድሉን የሚጎዳ ቃል ወይም ጽሑፍ ጥፋት መሆኑን ይናገራል። ተናጋሪው ለመጉዳት አላሰብኩም ቢል አያመልጥም። የተናገረው እውነት መሆኑን ካስረዳ ግን፣ ለመጉዳት ብቻ ያደረገው ካልሆነ በቀር፣ ነጻ ይወጣል። የሕዝብን ጥቅም በሚመለከት ነገር ላይ የተሰጠ አስተያየት የሌላውን ስም ዝቅ ቢያደርግም፣ ተናጋሪው ሐሰትነቱን በእርግጥ የሚያውቀውን ነገር ካልጨመረበት በስተቀር አያስጠይቅም። መምህር ስለ ትምህርት ቤት አስተዳደር፣ ነዋሪ ስለ ውኃው ክፍፍል በድፍረት ይናገር ዘንድ የሚያስችለው ይህ ነው።

እንዲህ ያማረው ቤት ግን ጣራው ያፈሳል። ቁጥር 2116 ለሕሊና ጉዳት የሚከፈለው ካሳ ከአንድ ሺህ ብር ሊያልፍ አይችልም ይላል። በ1952 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ብር ሁለት ከግማሹ አንድ የአሜሪካ ዶላር ነበርና፣ አንድ ሺህ ብር 400 ዶላር ያህል ነበረ፤ ለዚያ ዘመን ደመወዝተኛ የብዙ ወር ገቢ ነው። ከ2016 ዓ.ም. መጨረሻ የምንዛሪ ለውጥ ወዲህ ግን አሥር ዶላር አይሞላም። በጅጅጋ የከብት ገበያ አንዲት ፍየል አይገዛም። የክሱ ማመልከቻ ማስጻፊያና የምስክሮች መጓጓዣ ብቻውን ይበልጠዋል። ሕግ አውጪው ነገሩን አያውቅም እንዳይባል፣ በ2000 ዓ.ም. የወጣው ዐዋጅ ቁጥር 590 ስሙ በመገናኛ ብዙኃን ለጠፋበት ሰው እስከ 100,000 ብር ድረስ ፈቅዶ ነበር። በአፍ ለጠፋ ስም ግን ያው የ1952ቱ አንድ ሺህ ብር ነው።

ክብር በገንዘብ አይተመንምና ጣሪያው ዝቅ ቢል አይከፋም የሚል ክርክር እናውቃለን። ካሳውን ለራሱ መውሰድ የሚያሳፍረው ሰው፣ በቁጥር 2106 መሠረት ለበጎ አድራጎት እንዲሰጥለት ማመልከት ይችላል። ክብር ዋጋ የለውም ማለትና የክብር ዋጋ የአንድ ምሳ ሒሳብ ነው ማለት ግን እጅግ የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

በዚህ ላይ ለባለሱቁ የሚጠቅም አንድ ነገር እንጨምር። ጣሪያው ለሕሊና ጉዳት ብቻ ነው። የሸሹትን ደንበኞች፣ የቀረውን ትርፍ፣ የተቋረጠውን ዱቤ በመዝገቡና በምስክር ካስረዳ፣ የደረሰበት የንብረት ጉዳት በሙሉ ሊካስለት ይገባል። ስለዚህ ወሬው በተሰማበት ሳምንት መዝገቡን ማደራጀት ይጀምር፤ የሰሙትን ሰዎችም ስም ይያዝ። ክሱን ለማቅረብ ሁለት ዓመት አለው፤ ከሦስት ወሩ ይህ ምንኛ ይሻላል!

ሦስተኛው በር ሔር የሚባለው የሶማሌ ሕዝብ ባህላዊ ሕግ ነው። በዚህ ሕግ የሰው ደም ካሳ መግ እንደሚባል ብዙ ሰው ያውቃል። ስለ ተዋረደ ክብር የሚከፈል ሐል የሚባል ካሳ መኖሩን ግን የደጋው ሰው ብዙም አልሰማም። በዚያ አገር ልጅ የአያት ቅድመ አያቶቹን ስም ቆጥሮ ሳይማር አያድግም፤ በአንዱ ላይ የተጣለ ስድብም በስም ዝርዝሩ ሁሉ ላይ እንደ ተጣለ ይቆጠራል። ገበይ የሚባለው ቅኔም እንደ ጦር ይፈራል። ጉባ የተባለው የሙግት ቅኔ ሰንሰለት፣ እነ ቃማን ቡልሐን መልስ የሰጡበት፣ የጎሣዎችን ቂም ምን ያህል እንዳነደደ ሶማሌዎች እስከ ዛሬ ያወሳሉ። ቃል ይህን ያህል ጉልበት እንዳለው የሚያውቅ ሕዝብ ለቃል ጉዳት ካሳ መሥራቱ አያስገርምም። ከሁሉም የሚደንቀው፣ ካሳው ሲቆጠር የኖረው በከብት መሆኑ ነው። ብር ሲወድቅ ግመል አብሮ አይወድቅም። የዘመናዊው ሕግ አርቃቂዎች ከፓሪስና ከጄኔቭ ጠቢባን ብዙ ተምረዋል፤ ከአንድ የቀብሪበያ ግመል ጠባቂ ደግሞ ይህን አንድ ነገር ቢማሩ ኖሮ ቁጥር 2116 ለዚህ ኀፍረት ባልተዳረገ ነበር።

ይሁን እንጂ ሔርን ያለ ነቀፌታ አንተወውም። ካሳውን ወገን ተከፋፍሎ ስለሚከፍለው፣ ወገኑ ብዙ የሆነ ባለጌ ሸክሙ አይሰማውም። ሴቶች በሸንጎው አይቀመጡም፤ ስማቸው ሲጠፋ የሚሟገትላቸው ወንድ ዘመድ መፈለግ አለባቸው። በአካባቢው ወገን የሌለው ስደተኛ፣ ከሌላ ክፍለ ሀገር የመጣ መምህር ወይም ነርስ በሔሩ ውል ውስጥ ቦታው የት ነው? የሸሪዓ ፍርድ ቤቶችም ሥልጣናቸው በግልና በቤተሰብ ጉዳይ የተወሰነ ስለ ሆነ፣ ይህን ክፍተት አይሞሉትም። ስለዚህ በመንግሥት ፍርድ ቤት ላይ ያለን ተስፋ የግድ ነው።

ሦስቱን በሮች የሚያገናኝ አንድ ድንጋጌ ግን በሕጋችን ውስጥ ተኝቶ ይገኛል። የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2120፣ የአንድ ሰው ክብር ወይም መልካም ስም በተነካ ጊዜ፣ የጥፋቱን ውጤት የሚያስወግድ ማስታወቂያ በጥፋተኛው ኪሣራ እንዲወጣ ዳኛው ማዘዝ ይችላል ይላል። ሽማግሌዎች ሰውን ሰብስበው የሚያደርጉትን፣ ሕጉ በዳኛ አፍ እንዲደረግ ፈቅዷል ማለት ነው። ማስታወቂያ ሲባል ግን የጋዜጣ ዓምድ ብቻ መስሎ ይታያል። የቀብሪበያ ሻይ ቤት የአዲስ አበባን ጋዜጣ አያነብም። ቃሉ በተነገረበት ሻይ ቤት፣ በገበያ ቀን፣ በሶማሊኛ ቋንቋ፣ በራሱ በተናጋሪው አንደበት «የተናገርሁት ሐሰት ነበረ» ተብሎ እንዲነገር፣ በክልሉ ራዲዮም እንዲደገም ቢታዘዝ፣ ባለሱቁ የጎደለው ነገር እርሱ ነውና ልቡ ያርፋል። ስም አጥፊውም ከሦስት ወር እሥራት ይልቅ ይህን አንድ ሰዓት እንደሚፈራ አንጠራጠርም።

የአንድ ሺህ ብሩን ጣሪያ ማንሣትና ከአንቀጽ 613 እሥራቱን መፋቅ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ሥራ ነው፤ ይህንንም ከምክር ቤቱ አጥብቀን እንጠይቃለን። ቁጥር 2120ን ሥራ ላይ ለማዋል ግን አዲስ ዐዋጅ አይፈለግም። የወረዳው ዳኛ መጽሐፉ ጠረጴዛው ላይ ነው፤ ጠበቃው ወይም ራፖር ጸሐፊው ማመልከቻውን ሲያዘጋጅ ከካሳው ጥያቄ ቀጥሎ ይህን አንድ ዓረፍተ ነገር ይጨምርበት፤ የሚነገርበትን ቦታ፣ ቀንና ቋንቋም ለይቶ ይጻፍ።