ድፍረት ደንብ ሲሆን፦ የሼሪል ሳንድበርግ ምክር

አሜሪካዊቷ ሼሪል ሳንድበርግ «ሊን ኢን» የተባለውን መጽሐፏን በ2013 እ.ኤ.አ. ስታሳትም ከፌስቡክ ከፍተኛ ኃላፊዎች አንዷ ነበረች። በሚሊዮን በሚቆጠር ቅጂ የተሸጠው መጽሐፍ፣ ሴቶችን ወደ ኋላ የሚጎትታቸው የውጭ እንቅፋት ብቻ ሳይሆን ራስን መጠራጠርም ነው ይላል። በስብሰባ ላይ እንዲናገሩ፣ በደመወዝ እንዲደራደሩ፣ ገና ሳይወልዱ ለወደፊቱ ልጅ ብለው ከዕድገት እንዳይሸሹ፣ የቤቱን ሥራ ከባላቸው ጋር እኩል እንዲካፈሉ ይመክራል። ምክሩ እውነትነት አለው። ይሁን እንጂ ድፍረት ለብዙዎች የሚተርፈው ደንብ ሆኖ ሲጻፍ ነው፤ ለዚህም ጠንካራው ማስረጃ የሚገኘው እዚያው መጽሐፍ ውስጥ ነው።

በ2003 በኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ የቢዝነስ ትምህርት ቤት የተደረገ ሙከራ በመጽሐፉ ተጠቅሷል። ሃይዲ ሮይዘን በሲሊከን ቫሊ ስመ ጥር ባለሙያ ናት። የሥራ ታሪኳ ለገሚሱ ተማሪ በራሷ ስም፣ ለቀሪው «ሃዋርድ» በሚል የወንድ ስም ተሰጠ፤ ሌላው ሁሉ ያው ነበር። ተማሪዎቹ የሁለቱንም ችሎታ እኩል አደነቁ። ሃዋርድን ግን አብሮ ለመሥራት የሚመች ሰው ነው ሲሉ ሃይዲን ራስ ወዳድ አሏት። ሳንድበርግ ከዚህ ተነሥታ ሴቶች ደመወዝ ሲጠይቁ ፈገግ እንዲሉ፣ «እኔ» በማለት ፈንታ «እኛ» እንዲሉ ትመክራለች። ጥፋቱ የገምጋሚዎቹ ሆኖ ሳለ የማረሙ ሸክም በሃይዲ ላይ ወደቀ። ግልጽ የደመወዝ እርከንና የተጻፈ የዕድገት መስፈርት ቢኖር ግን የማንም ፈገግታ ባላስፈለገ ነበር።

ከመጽሐፉ ሁሉ ትልቁን ትምህርት የሚሰጠው ሌላ ታሪክ ነው። ሳንድበርግ በጉግል ስትሠራ አረገዘች፤ ከመኪና ማቆሚያው እስከ ቢሮዋ መራመድ ሲከብዳት ለነፍሰ ጡሮች ቅርብ ቦታ እንዲከለል የኩባንያውን መሥራቾች ጠየቀች። ወዲያው ተፈቀደ። እዚያ የሚሠሩ ሌሎች ነፍሰ ጡሮች ሁሉ ሳይጠይቁ ተጠቀሙ። የጠየቀችው ግን መሥራቾቹ ቢሮ ገብታ መነጋገር የምትችል ኃላፊ ስለነበረች ነው፤ አንዲት የጽዳት ሠራተኛ ያንኑ ድፍረት ቢኖራት የሚሰማት ማን ነበር?

ቤል ሁክስ የተባለች ሌላ ደራሲ በዚያው በ2013 መጽሐፉ የዘርና የመደብ ልዩነትን ዘሏል ስትል ተችታለች። ሳንድበርግም ባሏ በ2015 ከሞተ በኋላ፣ ልጅን ብቻዋን የምታሳድግ እናት ያለባትን ችግር መጽሐፉን ስትጽፍ በበቂ እንዳልተረዳችው በ2016 በይፋ ጽፋለች። ይህን ማመኗ ያስከብራታል።

ድፍረት ብቻውን እንደማይበቃ የወሊድ ፈቃድም ያሳያል። በ1993 የወጣው የአሜሪካ ፌዴራል ሕግ፣ 50 እና ከዚያ በላይ ሠራተኛ ባላቸው ድርጅቶች መስፈርቱን ለሚያሟሉ ሠራተኞች በወሊድ ጊዜ የሚሰጠው እስከ 12 ሳምንት የሚደርስ ያለ ክፍያ ፈቃድ ነው። ደመወዟ ቢቋረጥ የቤት ኪራይ መክፈል የማትችል እናት፣ በራሷ የቱንም ያህል ብትተማመን፣ በዚህ ፈቃድ ልትጠቀም አትችልም።