ያቺን ኮርቬት አትቀቧት

እንጀራዬ የመኪና ቀለም ነው። እዚህ ቨርጂኒያ ስቱኮ እየለጠፍኩና እየፈገፈግኩ ነው ልጆቼን ያሳደግኩት። ስለዚህ የምለው ገበያዬን ይጎዳል፦ የፋብሪካ ቀለሟን እንደያዘች ጥቂት ማይል ብቻ የሄደች የ1963 ኮርቬት ስቲንግ ሬይ ያለው ሰው ወደ እኔ አያምጣት።

የዚያን ዓመት ባለ ጣሪያ ኮርቬት የኋላ መስታወት መሃሉ ላይ ለሁለት የተከፈለ ነው። ንድፉን የመራው ቢል ሚቸል መክፈያዋ ላይ ሙጭጭ አለ፤ መሐንዲሱ ዞራ አርከስ ደንቶቭ ደግሞ እይታ ትከልላለች ብሎ ተሟገተ። በ1964 ቀረች። መክፈያዋ ኖሯቸው የተሠሩት 10,594 ናቸው። አንዳንድ ባለቤቶች አዲሱን ሞዴል ለማስመሰል ቆርጠው አወጧት፤ ጉድ እኮ ነው!

አካሏ ፋይበርግላስ ስለሆነ አይዝግም፤ በዝገት ሰበብ መቀባት አያስፈልጋትም። የሴንት ሉዊስ ፋብሪካ ሠራተኞች የቀቡት የላከር ቀለም ወጣ ገባ አለው፤ መጋጠሚያዎቹም ከቀለሙ ሥር ይታያሉ። እኛ «ስናድሳት» ያንን ሁሉ አለስልሰን ፋብሪካው ፈጽሞ ያልሠራትን መኪና እናስረክባለን። ያን ቀለም አንዴ ከፈገፈጉት እኔም ሆንኩ ሌላ ባለሙያ አንመልሰውም።

ጎማና የፍሬን ቱቦ ግን ይቀየር። በስልሳ ዓመት ጎማ አውራ ጎዳና መውጣት እብደት ነው።

«ማይል ከጨመረች ዋጋዋ ይወርዳል» እያሉ ጋራዥ የሚቆልፉባትንም አልደግፍም። ቆማ በቆየች ቁጥር ጎሚኒዋ ይደርቃል፣ ዘይት ታፈሳለች፣ ካርቡሬተሯ ውስጥ ያደረ ቤንዚንም ይበላሻል። ፀሐይ ባለበት ቅዳሜ ባለቤቷ አስነስቶ ይንዳት።